አሥሩም «ማብራት» ነው?

መብራት ከሄደ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ወሩ ግንቦት ነው፤ ጅማ ደግሞ ለመዝነብ ክረምትን አትጠብቅም። የእህቴ ልጅ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ደብተሯን ዘርግታ፣ ስልኬን ብርጭቆ አስደግፋ በባትሪው ታጠናለች። ስልኩ 14 ፐርሰንት ቀርቶታል። «በቃ አጥፊው» ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አጎቴ፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ናቸው እንዴ?»

ደብተሩን ሳብ አድርጌ አየሁት። 9ኛ ክፍል ናት፤ ጽሕፈቷ ከእኔ ይሻላል። በግራ በኩል አሥር የእንግሊዝኛ ቃላት ተደርድረዋል። በቀኝ በኩል ከሰሌዳ የተገለበጠው ትርጉም አለ። ግሊተር፣ ማብራት። ግሊም፣ ማብራት። ግሊንት፣ ማብራት። ግሊመር፣ በትንሹ ማብራት። ግሊሰን፣ ማንጸባረቅ። ሺመር፣ ማንጸባረቅ። ስፓርክል፣ ማብለጭለጭ። ትዊንክል፣ ማብራት፤ አጠገቡ «ለኮከብ» ተብሏል። ፍሊከር፣ ማብራትና መጥፋት። ግሎው፣ ማብራት።

«አንድ ከሆኑ አንዱን ብቻ ለምን አንይዝም?»

ጥሩ ጥያቄ ሁሌ የሚመጣው መልስ በሌለህ ሰዓት ነው። የቤት ሥራው ደግሞ ለሰኞ ሳምንት ነው። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ዓረፍተ ነገር መሥራት፣ ፍቺውንም በራስ አማርኛ መጻፍ። መምህሯን አልወቅሳቸውም። እኔ እንጀራዬ ትርጉም ነው። የፕሮጀክት ሪፖርት፣ የሥልጠና መመሪያ፣ የማሽን አጠቃቀም እተረጉማለሁ። ሪፖርት ውስጥ ብርሃን የለም። ቢኖርም «ተስፋ ሰጪ ውጤት» የምትለዋ ናት። ከነዚህ ቃላት አንዱ ድንገት ካጋጠመኝ «አንጸባረቀ» ብዬ አልፋለሁ። ሁለተኛው ሲመጣ «አብረቀረቀ»። ሦስተኛው ሲመጣ ዓረፍተ ነገሩን ቆርጬ እጥለዋለሁ፤ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

«ግሊስተን ማለት...» ብላ ጀመረች።

«ግሊሰን ነው። ቲዋ አትነበብም።»

«ካልተነበበች ለምን ጻፏት?»

ለዚህም መልስ የለኝም። የስልኩ ባትሪ አዳነኝ፤ ጠፋ።

እማዬ ከጓዳ ኩራዝ ይዛ መጣች። ከቆርቆሮ የተሠራችውን፣ ክር በአፏ የምትጎርሰውን አሮጌ ኩራዝ። ቤት ውስጥ ቻርጅ የሚደረግ መብራት አለ፤ እሱም እንደኛ መብራት እየጠበቀ ነው። እማዬ ኩራዟን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ፊቷን አኮሳተረች። «ጋዟ ልታልቅ ነው መሰለኝ፤ ትርገበገባለች።»

የእህቴ ልጅ እሳቷን አየች። ከዚያ ደብተሯን። ከዚያ እኔን። «ፍሊከር!» አለች።

ልክ ናት። ያውም ከምታስበው በላይ። ፍሊከር ድሮ ድሮ የብርሃን ቃል አልነበረም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የወፍ ክንፍ ቃል ነበር፤ ወፍ ክንፏን ስታራግብ የሚባል። ከብዙ ዘመን በኋላ ነው ወደ እሳት የተሻገረው። እማዬ እንግሊዝኛ አታውቅም። ግን ክንፉን ለሚያርገበግብ ወፍና ጋዟ ላለቀ ኩራዝ አንድ ግስ ሰጠች። በሁለት የማይተዋወቁ አገሮች ሁለት ሰዎች አንድ ነበልባል ፊት ተቀምጠው ወፍ አይተዋል ማለት ነው።

ያን ማታ «ማብራትና መጥፋት» የሚለውን ሰረዝነው። «መርገብገብ» ብላ ጻፈች። አንድ ተገኘ፣ ዘጠኝ ቀረ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ዘነበና ሲመሽ ሰማዩ ጠራ። መብራት የሌለበት ከተማ አንድ ጥቅም አለው፤ ኮከብ ይመለስለታል። በረንዳ ላይ በርጩማ አውጥተን ተቀመጥን። ትዊንክል የምትለዋን ቃል የእህቴ ልጅ በአራት ዓመቷ ታውቃታለች። ኬጂ የገባ የኢትዮጵያ ልጅ ሁሉ ያውቃታል፤ እጁን ከፈት ዘጋ እያደረገ ሲዘምር ነው ያደገው። አሥር ዓመት ሙሉ ስትዘምራት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችም። እኔም በጊዜዬ አልጠየቅኩም።

ቃሏ ስሯ ከዓይን ነው። የድሮው ግስ ዓይንን መጨፈን መክፈት፣ መጥቀስ ማለት ነበር። ኮከቧ ትጠቅሳለች ማለት ነው። እንግሊዞች ዛሬም «በዓይን ትዊንክሊንግ» ይላሉ፤ በጣም አጭር ጊዜ ለማለት። እዚህ ላይ ነው ከበርጩማዬ የተነሳሁት። እኛስ ምን እንላለን? በቅጽበት። ቅጽበት ደግሞ የግዕዝ ቃል ነው፤ ቀጸበ፣ ጠቀሰ። መጽሐፍ ቅዱሳችን ስለ መጨረሻው መለከት ሲናገር «በቅጽበተ ዓይን» ይላል። ኪንግ ጄምስ የሚባለው የጥንቱ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስም እዚያው ቦታ ላይ «በዓይን ትዊንክሊንግ» ይላል። ስንት ጊዜ «በቅጽበት» ብዬ ተርጉሜ ይሆን፣ ውስጧ ዓይን እንዳለ ልብ ሳልል?

«ያቺ ግን አትጠቅስም» አለች ልጅቷ፣ ወደ ምዕራብ እያመለከተች። ፍጥጥ ያለች፣ ደማቅ ብርሃን።

ቬነስ ናት። ፕላኔት አይጠቅስም። ኮከብ ከርቀቱ የተነሳ ለዓይናችን ነጥብ ነው። ያ ነጥብ ብርሃን አየራችን ውስጥ ሲገባ ሞቃቱና ቀዝቃዛው አየር ወዲያ ወዲህ ያጣምመዋል። ስለዚህ ደመቅ ፈዘዝ፣ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ፕላኔት ቅርብ ስለሆነ ትንሽም ቢሆን ስፋት አለው። አንዱ ጎኑ ሲጣመም ሌላው ጎኑ ያካክሰዋል። ኮከብ ራሱ አይጠቅስም እንግዲህ። የሚጠቅሰው በመሀል ያለው የኛው አየር ነው። ይህን ስነግራት ቅር አላት። መዝሙሯን የነጠቅኳት መሰለኝ።

ሁለት ቃል ይዘን ከዓይንና ከክንፍ ከተነሳን ሌሎቹስ? በዚህ ጊዜ ጉዳዩ የእሷ የቤት ሥራ መሆኑ ቀርቶ የኔ በሽታ ሆኗል። ለሊት እየተነሳሁ አስባለሁ። የምተረጉመው 60 ገጽ ሪፖርት ኮምፒውተሬ ውስጥ ተኝቷል። ለነገሩ ኮምፒውተሩም ተኝቷል፤ ቻርጅ የለውም።

አንድ ነገር ቶሎ ገባኝ። ከቃላቱ ብዙዎቹ ጭራ አላቸው። ስፓርክ ፍንጣሪ ነው፤ አንዴ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ። ስፓርክል ግን ፍንጣሪው ሲደጋገም ነው። ትዊንክልም፣ ግሊተርም፣ ፍሊከርም፣ ሺመርም እንደዚያው ናቸው። መጨረሻቸው ላይ ያለችው «ል» ወይም «ር» መደጋገምን የምታሳይ የድሮ ቅጥያ ናት። እንግሊዝኛ ዛሬ በዚያች ቅጥያ አዲስ ቃል አይሠራም ማለት ይቻላል። ኮቱ ላይ እንደቀረ አሮጌ ቁልፍ ናት።

የኛ ግን ሕያው ነው። ብልጭ፤ አንዴ። ብልጭ ብልጭ፤ እየቆየ። ተብለጨለጨ፤ ያለማቋረጥ። መብረቅ በረቀ፤ አንዴ። አብረቀረቀ፤ ፊደሎቹ ራሳቸው እየተመላለሱ። አርገበገበ፣ ተንቦገቦገ፣ ተንቀለቀለ። ቃሉን ስታየው የብርሃኑን አካሄድ ታያለህ። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት «ታዲያ አማርኛው ይበልጣል» አለች። እንዲህ ዓይነት ፉክክር አልወድም፤ ግን ውስጤ ትንሽ ሞቅ እንዳለው አልዋሽም።

ሌላው ጉዳይ «ግል» የምትለዋ መነሻ ናት። ከአሥሩ ስድስቱ በእሷ ይጀምራሉ። መስታወት የሚሉት ግላስም እንደዚያው ነው። በጣም የቆየ ስር አላቸው፤ ማብራት የሚል። የወርቅ ስማቸው ጎልድና ቢጫ የሚሉት የሎው ራሳቸው ከዚያው ስር የወጡ ናቸው። ደስተኛ የሚሉት ግላድም መጀመሪያ «ብሩህ» ማለት ነበር። እኛ ደስ ያለውን ሰው «ፊቱ በራ» የምንለው ዓይነት። ፈርዝ የተባለ እንግሊዛዊ የቋንቋ ሊቅ በ1930 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለዚህ ዓይነቱ ነገር ስም አወጣለት። የድምፅ ቁራጭ ሆኖ ራሱን የቻለ ቃል ያልሆነ፣ ግን ትርጉም የሚያሸት ነገር። ማጣበቂያ የሚሉት ግሉ ግን በ«ግል» ይጀምርና ምንም አያበራም። ሕግ አይደለም፤ ሽታ ነው።

እኛ ቤትስ ምን ይሸታል? ወረቀት አውጥቼ መጻፍ ጀመርኩ። በራ፣ ብርሃን፣ ብራ፣ ብር፣ መብረቅ፣ ነጸብራቅ፣ አብረቀረቀ። ስራቸው አንድ አይደለም፤ ብርሃን ከ«በርሀ» ነው፣ መብረቅ ከ«በረቀ»። ጆሮዬ ግን አንድ ቤተሰብ ናቸው ይለኛል። ብርሌ እንኳ፣ በጠጅ ተሞልቶ ወደ መስኮት ሲያዝ፣ ከነሱ ወገን ነው ብል የሚከራከረኝ ጠጅ የማይጠጣ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሄርማታ ገበያ ወጣሁ። ሐሙስ የቆየ የገበያ ቀን ነው። ግሊተር ምን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው ጨርቅ ተራ ይሂድ። በክር የተሰፉ ትንንሽ ፈርጦች ያሉበት ሻሽ፣ የሠርግ አዳራሽ ማስጌጫ ወረቀት፣ የልጆች ጫማ ላይ የተረጨ ዱቄት። ብዙ ጥቃቅን ነገር፣ እያንዳንዱ የየራሱን ብርሃን በየራሱ አቅጣጫ የሚወረውር። ይኼ ብልጭልጭ ነው። ደግሞ የሚገርመው፣ ሁለቱም ቋንቋ በዚህ ቃል ላይ ትንሽ ይንቃል። «የከተማ ብልጭልጭ» ስንል እያመሰገንን አይደለም። እነሱም ግሊተር ሲሉ ብዙ ጊዜ ከኋላው ባዶ ነገር አለ።

ወርቅ ቤት ያላቸውን ጎረቤታችንን ሐጂን ሰላም ልል ገባሁ። ነገሩን አጫወትኳቸው። ሳቁብኝ። ከዚያ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው እንዲህ አሉ።

«ወርቅ አያብለጨልጭም። የሚያብለጨልጨው መዳብ ነው፣ ያውም ገና ሲወለወል። ወርቅ ይደምቃል እንጂ።»

ይኸው ግሊም። የማይዘል፣ የማይጠቅስ፣ ፊት ለፊትህ ረጋ ብሎ የሚደምቅ። ሊስትሮው በጨርቅ ደጋግሞ የወለወለው ጫማ ላይ የሚቀረው ዓይነት። የጅማ በርጩማ በቅባት ታሽቶ ዓመታት ሲቀመጡበት የሚያወጣው ዓይነት። ልጅቷ «መድመቅ» ብላ ጻፈች። እኔ ግማሽ ልቤ ብቻ ነው የተስማማው።

ሐጂ ጋ ቡና እየጠጣን ሳለ «የሚያብረቀርቅ ሁሉ ወርቅ አይደለም» የሚለው ተረት ተነሳ። የኛ ብቻ ይመስለናል፤ ግን እንግሊዞቹም አላቸው። እነሱ ዛሬ «የሚግሊተር ሁሉ» ብለው ይሉታል። ሼክስፒር ግን የጻፈው ግሊተርስ ብሎ ሳይሆን ግሊስተርስ ብሎ ነው። ግሊስተር። ከነቲዋ። የእህቴ ልጅ «ግሊስተን» ያለችው ስህተት ከሆነ፣ በ400 ዓመት የዘገየ ስህተት ነው። ማታ ስነግራት በጣም ተደሰተች። መምህሯ ፊት ልትለው ነው፤ እንዳትለው ለመንኳት።

ሐጂ ከልጃቸው ጋር በኦሮምኛ ሲያወሩ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ብርሃኑ ኢፋ ነው፣ መብራቱ ኢብሳ፣ የሚያንጸባርቀው ጨለቂሳ። ጅማ ላይ ሰው በሁለትና ሦስት ቋንቋ ነው የሚያየው። ሰፈራችን ውስጥ ብርሃኑም አለ፣ መብራቱም አለ፣ ኢብሳም አለ፣ ኑርም አለ። መብራት ግን የለም።

ቅዳሜ ጅሬን ወጣን፤ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ። ልጅቷ ከሦስት ክፍል ጓደኞቿ ጋር፣ እኔ ከጉልበቴ ጋር። አባ ጅፋር 2ኛ ከ1870 እስከ 1924 ዓ.ም. ጅማን የገዙት ከዚህ ላይ ሆነው ነው። እኔ ግን ያን ቀን ለታሪክ አልወጣሁም፤ ለቆርቆሮ ነው የወጣሁት። ከላይ ሆነው ሲያዩ ከተማው በአብዛኛው ጣራ ነው። አሮጌው ቆርቆሮ ዝናብ በልቶት ቡናማ ሆኗል፤ ዝም ይላል። አዲሱ ግን፣ ሁለት እርምጃ ስትራመድ፣ ከመሀል አንዱ ብልጭ ይልና ይጠፋል። መልሰህ ብትፈልገው የለም፤ ማዕዘኑ አልፎሃል። ግሊንት ይኼ ነው። ጠንካራና ለስላሳ ነገር፣ አንድ ማዕዘን፣ አንድ ቅጽበት። ቢላዋ ላይም አለ፣ የአዛውንት መነጽር ላይም።

እኩለ ቀን ላይ ያው ጣራ ዓይን መውጋት ጀመረ። ይኼኛው ግሌር ይባላል፤ ከአሥሩ ውስጥ የለም፣ ግን ሳልናገር ባልፍ ያሳክከኛል። ግሌር የሚያጭበረብር ብርሃንም ነው፣ በቁጣ ማፍጠጥም ነው። እኛም «ያፈጠጠ ፀሐይ» እንላለን። መጥቀስ፣ ማፍጠጥ። ብርሃን ራሱ የአንድ ሰው ዓይን ይመስል።

እዚህ ላይ ነው የገባኝ የመሰለኝ ነገር። እንግሊዝኛው ስለ ብርሃን ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከምን ላይ?» ብሎ ነው። እርጥብ ነገር ላይ ከሆነ ግሊሰን። ብረት ላይ ከሆነ ግሊንት። ብዙ ጥቃቅን ነገር ላይ ከሆነ ግሊተር። ፍም ከሆነ ግሎው። አማርኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው «እንዴት ሆነ?» ብሎ ነው። ቦግ አለ? ብልጭ አለ? ጭል ጭል አለ? ፏ አለ? ውልብ አለ? ድርግም አለ? እልም አለ? ከወርቅ ይሁን ከአምፖል ግድ የለውም። አካሄዱን ነው የሚይዘው፤ በተለይ ደግሞ አጠፋፉን። ለመጥፋት ብቻ ድርግም አለን፣ እልም አለን፣ ጭልም አለን። ፍዝዝም አለ፣ ሳይጠፋ የሚሞተው። ይህ የመብራታችን ታሪክ ያመጣው ነው ብዬ ልቀልድ ነበር። ቃላቱ ግን ከአምፖሉ ይቀድማሉ።

መዝገበ ቃላት ላይ እነዚህ «አለ» የሚከተላቸው ቃላት ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ ናቸው። ፈተና ላይ አይመጡም። ሪፖርት ላይ ብጽፋቸው አርታኢ ያወጣቸዋል፤ «የንግግር ቋንቋ ነው» ይላል። ስለዚህ ተማሪው አሥሩን የእንግሊዝኛ ቃል ይዞ ሲመጣ ፊት ለፊት የሚያገኘው «ማብራት» እና «ማንጸባረቅ» የሚባሉ ሁለት ሱፍ የለበሱ ሽማግሌዎች ነው። ሌላው ሁሉ ጓዳ ነው ያለው፣ ከእማዬ ጋር።

ጭላንጭል የምትለዋን ያገኘናት ሳንፈልጋት ነው። ግሊመር ናት፣ ምንም ሳትጎድል። በር ሥር የምትገባ ደካማ ብርሃን። ይባስ ብላ «የተስፋ ጭላንጭል» ስንል እነሱም በግሊመር እንደዚያው ይላሉ። ስፓርክል ላይ ብዙ አልቆየንም፤ ፍንጣሪ ሲደጋገም ብለን አለፍን። ጋዝ ያለውን ውሃ እንግሊዞች ስፓርክሊንግ ማለታቸውን ስነግራት ብቻ ሳቀች። እኛ ጋ አምቦ ነው። የብርሃን ስም ሰጥተውት፣ እኛ የከተማ ስም ሰጠነው።

ለግሎው ፍም አለን። ቡና ሲፈላ ከሰሉ አመድ ለብሶ ከሥር ቀላ ብሎ የሚቆየው። ነበልባል የለውም፣ አይንቀሳቀስም፣ ግን አለ። ለግሱ ቃል ስንፈልግ ግን ተቸገርን። ያኔ አብሪ ትል ትዝ አለኝ። ልጅ እያለን ቦዬ ረግረግ በኩል ዝናብ ሲጀምር በጨለማ እናያት ነበር። ሆዷ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ከአየር ጋር ሲገናኝ ያበራል፤ ሙቀት የለውም ማለት ይቻላል። ንጥረ ነገሩ ሉሲፈሪን ይባላል፤ በላቲን ብርሃን ተሸካሚ እንደማለት ነው። ይህን ስናገር እማዬ ከጓዳ ሰማች።

«ምንድን ነው ያልከው?»

«ሉሲፈሪን። የትሏ...»

«በስመ አብ! በሰንበት ዋዜማ!» አማተበች። የትሏ ጉዳይ እዚያው ተዘጋ። ልጅቷ «እንደ ፍም መቅላት» ብላ ጻፈች።

እሑድ መብራት መጣ። ሰፈሩ ሁሉ «እልል» አለ፤ ሕፃናት ከልብ፣ አዋቂዎች በፌዝ። ሲመጣም በአንዴ አልመጣም። ቦግ፣ እልም፣ ቦግ፣ እልም፣ ከዚያ ፍዝዝ ብሎ ቆመ። እህቴ ፍሪጁን ከሶኬት ነቀለች፤ ልምድ ነው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው በኩል ያለው ግልገል ጊቤ አንድ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል፤ አቅሙ 184 ሜጋዋት ነው። ከዚያ ሁሉ ውሃ ወደኛ ሳሎን እስኪደርስ ረጅም መንገድ ነው። የሰፈራችን ትራንስፎርመር ደግሞ ከኔ ጋር እኩያ ሳይሆን አይቀርም።

ለልጅቷ አንድ ነገር አሳየኋት። ስልኬን በዝግታ እንዲቀርጽ አድርጌ በረንዳው ላይ ያለውን ርካሽ አምፖል ቀረጽኩ። ዓይናችን የረጋ ብርሃን ያያል። ስልኩ ላይ ግን ደመቅ ፈዘዝ፣ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። የኛ አገር ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለቴ ይደምቃል። 100 ጊዜ ማለት ነው። ዓይን አይከተለውም።

«ታዲያ መብራት ባለ ጊዜም ይሄድ ይመጣል ማለት ነው?» አለችኝ።

አዎ፣ ልጄ።

ሺመር ብቻ ቀረች። ፀሐይ ስትጠልቅ የቦዬ ውሃ ላይ የሚሆነው ነው። አስፋልት ላይም ሲሞቅ ከሩቅ የሚታየው። ብርሃኑ አይጠፋም፣ አይበራም፤ ቦታውን ነው የማይይዘው። ማንጸባረቅ አይደለም። መንቀጥቀጥ ብርድ ይመስላል። ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ እህቴ ልብስ እያጠፈች፣ ጭቅጭቃችን ሰልችቷት፣ «ይዋልላል በሉት» አለች። ዋለለ። ልብ ይዋልላል እንላለን፣ በጭንቅላት የተሸከሙት ነገር ይዋልላል እንላለን። ብርሃን ሲዋልል ሰምቼ አላውቅም። ግን ሰማሁትና ቦዬ ታየኝ።

ግሊሰን ላይ ግን አልተጨቃጨቅንም። ዝናብ ያባራበት የቡና ቅጠል አስቡ። ቅጠሉ ራሱ ለስላሳና ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ውሃ ሲነካው ሌላ ይሆናል። ላብ ያለው ግንባር አስቡ። ቅቤ የተቀባ ፀጉር። እማዬ ደግሞ ቡና ስትቆላ ጠቆር አድርጋ ነው። ፍሬው ሲደርስ ቅባቱን ወደ ላይ ያወጣል። ያኔ መቁያውን እያነቃነቀች «ወዛ» ትላለች፤ ከእሳት ታወርዳለች። ወዛ። ከእርጥበትና ከቅባት ብቻ የሚወጣ ብርሃን። ከአሥሩ ውስጥ እንግሊዝኛውና አማርኛው አንድ ጥያቄ የጠየቁት እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ ከምን ላይ? እርጥብ ነገር ላይ። ልጅቷ በትልቁ ጻፈችው።

ሰኞ አስረከበች። ሐሙስ ተመለሰላት። ከአሥር ስድስት። መርገብገብ ተይዟል፣ ጭላንጭል ተይዟል። መጥቀስ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አለ፣ ግን ተይዟል። መዋለል ኤክስ ነው። ወዛ ላይ ቀይ ኤክስ አለ፤ ሥሩ በትንሹ «ማንጸባረቅ» ተብሎ ታርሟል። ከእርማቱ ጎን ግን፣ በሌላ እስክሪብቶ፣ ቆይተው የጨመሩት የሚመስል አንድ መስመር ነበረ። «ወዛ እንዴት ግሊሰን ይሆናል? አስረጂኝ።»

አለቀሰች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ዓርብ ጠዋት እማዬ ቡና ስትቆላ ልጅቷ አጠገቧ ቆማ ነበር፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች። «እቴቴ፣ ወዛ?» ትላለች። «ገና ነው።» «አሁንስ?» «ቆይ አንቺ።» ወዛ ሲባል አምስት ፍሬ አነሳችና እፍ እፍ ብላ አበረደች። ከደብተሯ ገጽ ቀድዳ ጠቀለለችው። በር ላይ ስትደርስ ጥቅሉን ከፈት አድርጋ አየችው። ወረቀቱ ከወዲሁ አምስት ቦታ በቅባት አስተላልፎ፣ የቀን ብርሃን በዚያ ያልፍ ነበር።